ሰማዩ ምን ብሎ መለሰ?

ኑሀሚን እባላለሁ። ቀን ቀን እዚህ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ ስፌት እቆጣጠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስለ ከዋክብት እጽፋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናገር የማይስቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም መሳቁን ለምጄዋለሁ።

ዘንድሮ የመጀመሪያ መጽሐፌ ታተመች። አነስ ያለች የሳይንስ ልብ ወለድ ናት፣ ከምሳ በኋላ ጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጨርሷት። ርዕሷ «ቤቶች» ነው። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚዬ፣ «ከተማሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ማስታወቂያውን ራስሽ ሥሪው» አለኝ። ሠራኋ። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፣ ቲክቶክ ላይ የሽፋኑን ሥዕል ይዤ እንደ ፍየል ነጋዴ አገላበጥኩት። ብዙ ሰው ልብ ሰጠኝ። «እመጣለሁ» ያለኝ ግን አልነበረም። ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው ሳሌም፣ «አቦ በዚህ ሙቀት ማን ያነባል? ፊልሙ ሲወጣ ንገሪን» አለችኝ። ሳሌምን እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ መቀሱ ላይ አርፎ ነበር።

ምረቃው እሁድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር አንድ የቆየ ቪላ ግቢ ውስጥ በኒም ዛፎቹ ሥር እንዲሆን ተቀጥሯል። ሐሙስ ሲደርስ እርግጠኛ የሆንኩባቸው እንግዶች እናቴ፣ የእናቴ ማኅበርተኞችና መብራት የሚዘረጋው ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ባዶ ወንበር ፊት ቆሜ ስለ ህዋ ሳወራ በሕልሜ አየሁትና በላብ ተነከርኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም ጋሽ ዘካሪያ ጋ ሄድኩ።

ጋሽ ዘካሪያ ድሮ ጋሪ ላይ፣ ዛሬ ባጃጅ ጣራ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ከተማውን እየዞረ ማስታወቂያ የሚናገር ሰው ነው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ውሃ ሲቋረጥ የሚናገረው እሱ ነው። ክትባት ሲመጣ፣ ፍራሽ በቅናሽ ሲሸጥ፣ ፍየል ስትጠፋ እሱ ነው። አባቱ ሶማሌ፣ እናቱ ኦሮሞ፣ እሱ ራሱ ከዚራ ከባቡር ሠራተኛ ልጆች ጋር ኳስ ሲጠልዝ ያደገ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በሦስት ቋንቋ ይለዋል፤ በየትኛው እንደሚያልም ራሱም አያውቅም። ወረቀት አይዝም። ፊቱ ተቀምጠው ነገሩን አንዴ ይነግሩታል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ አለቀ። ከመናገሩ በፊት ማይኩን በጣቱ ሁለቴ ይመታል፦ ጧ፣ ጧ። ያን ጊዜ ድሬ ላይ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት እንኳ ለአፍታ ይታረቃሉ።

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ገባሁና ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ቤቶች» አልኩ። የወጣችው ልጁ ዱኒያ ናት። ዱኒያ የድርያ ቀሚስ ነጋዴ ናት፣ ምላሷ ከኔ የባሰ።

«ማስታወቂያ ከሆነ የለም» አለች፣ ገና ሰላም ሳትለኝ።

«አንዲት ደቂቃ ብቻ ላናግረው...»

«ስሚኝ ኑሀሚን። ጉሮሮው ላይ ዕጢ አግኝተውበታል። ሰኞ ኦፕራሲዮን ነው። ዶክተሩ ዕጢውን ስናወጣ ድምፁም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ እንደውም ይሄዳል በሉ ነው ያለን። እስከዚያ እንዳይጮህ ተከልክሏል። ገባሽ?»

መመለስ ነበረብኝ፣ እግሬ ግን እንቢ አለ። ያ ድምፅ የሌለባት ድሬ ምን ዓይነት ከተማ እንደምትሆን ላስብ ሞከርኩና አልመጣልኝም።

«ዱኒያ፣ እንግዳ በር ላይ አይመረመርም» የሚል ተሰማ ከውስጥ። ግድግዳ የሚያልፈው ያ ድምፅ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ገባሁና ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥሟል። ጠውልጓል፣ ዓይኑ ግን ያው ተንኮለኛ ዓይኑ ነው።

«ባለፈው ሳምንት የተናገርኩት ማስታወቂያ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ፍራሽ። ሁለት ለሚገዛ ትራስ በነፃ። አርባ ዓመት ተናግሬ ተናግሬ በትራስ ልዝጋ?»

«አባ፣ ዝም በል ተብለሃል» አለች ዱኒያ።

«ሰኞ ዝም እላለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው።» ወደኔ ዞረ። «ምንድን ነው የምትሸጪው?»

«መጽሐፍ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሰማይ።»

ዱኒያ ግንባሯን ያዘች። እኔም አፍሬ፣ «ጋሽ ዘካሪያ ይቅር፣ አንተ እረፍ፣ እኔ ሌላ መላ እፈልጋለሁ» አልኩት። ድሬ ላይ ትልቅን ሰው ጋሽ ብለን አንተ ነው የምንለው፤ አንቱታ ከመሃል አገር እንግዳ ጋር የሚመጣ ነገር ነው።

ተቆጣኝ። «ሰኞ ሊወስዱት ነው። ለማን ብዬ ነው የምቆጥበው? ንገሪኝ ይልቅ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ነገርኩት። ባለታሪኳ ሂቦ የምትባል የድሬ ልጅ ናት። በእሷ ዘመን ከከተማው በላይ ካሉት ጋራዎች በአንዱ ላይ ወደ ሰማይ የሚናገር ትልቅ ጣቢያ ተተክሏል። ሊቃውንቱ እጅግ ሩቅ ወዳለ አንድ ኮከብ መልእክት ሊልኩ ቁጥር ሲደምሩ ሲቀንሱ ይከርማሉ። የሂቦ እናት የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ሊቃውንቱ ምሳ በወጡበት ሂቦ ወደ ማይኩ ትጠጋለች። እናቷ «ሰው ቤት ሳትጣሪ እንዳትገቢ» ብላ ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ አንዲት ቃል ትናገራለች፦ ቤቶች። ቃሏ ሄደ። እዚያ ኮከብ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል፣ መልስ ካለ ለመመለስ ሌላ ሠላሳ። ሊቃውንቱ ተቆጡ፣ ከዚያ አረጁ፣ ከዚያ ተረሱ። ጣቢያው ዛገ። ሂቦ ግን ጠርታለችና ደጅ ላይ ቆመች። እዚያው ጥበቃ ሆና ተቀጠረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ቀበረች፣ ፀጉሯ ነጣ። አንድ ምሽት፣ ማንም በሌለበት፣ የዛገው መሣሪያ ላይ መብራት በራ።

ከዚያ መልሱን ነገርኩት። እዚህ ላይ አልደግመውም፤ ጋሽ ዘካሪያ በተናገረበት ቦታ ትሰሙታላችሁ፣ የእሱ ነውና።

ጨረስኩ። እንቅልፍ ወስዶት ይሆን ብዬ ዱኒያን አየኋት። እሷ ሳታውቀው የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«አጃኢብ» አለ ዓይኑን ሳይከፍት። «ስልሳ ዓመት ለአንድ ቃል።» ጉሮሮውን በእጁ ዳበሰ። «እኔ እኮ አርባ ዓመት ተጣርቼ አንድም ሰው አቤት ብሎኝ አያውቅም። ሞንታርቦ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። ውሃ ነገ ይመጣል እላለሁ፣ አልፋለሁ። ሰሙ አልሰሙ በምን አውቃለሁ? አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንኳ ሰምተናል ቢሉኝ እላለሁ አንዳንዴ።»

ሳይከፋው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው ይህን ያለው።

«መልሱን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔና አሳታሚው። መጽሐፉ እሁድ ጠዋት ነው ከአዲስ አበባ የሚገባው። አሁን ደግሞ አንተ።»

«ጥሩ።»

ዱኒያ እዚህ ላይ ገባች። ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀስራ፣ «እሺ። ካልክ እሺ። ግን አንዴ ነው የምትናገረው፣ አንዴ ብቻ። በየሰፈሩ መደጋገም የለም። ከደገምክ ሞንታርቦውን በመዶሻ ነው የማደቀው» አለችው።

«ወላሂ አንዴ ብቻ» አለ።

በር ድረስ ስትሸኘኝ፣ «እንዲህ ቶሎ ሲምል ነው የምፈራው» አለችኝ።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ከዚራ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ባጃጁ መጣ። የሚነዳው የወንድሙ ልጅ ዮኒስ ነው፤ ዮኒስ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ሲያዞር ስለኖረ ባጃጁን እንደ ሙሽራ መኪና በቀስታ ነው የሚነዳው። መንገዱ መሃል ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። ጧ፣ ጧ።

«የድሬ ሰው፣ ስማ» አለ ጋሽ ዘካሪያ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን ወጣ። «ዛሬ ውሃ አልጠፋም። ፍየልም አልጠፋችም። ዛሬ የምነግርህ ስለ አንዲት ልጅ ነው።»

ከዚያ ስለ ሂቦ ተናገረ። እኔ ያልጻፍኩት ቃል አልጨመረም ማለት ይቻላል፤ አነጋገሩ ግን ሌላ ነበር። ስለ ጋራው ሲናገር ሰው ሁሉ ዞሮ ጋራውን አየ። ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ካርታቸውን እንደያዙ ቀሩ። የሸንኮራ ነጋዴዋ ቢላዋ አየር ላይ ቆመ። ከኋላ የደረሱት ባጃጆች ጥሩምባ እንኳ አልነፉም። እኔም የጻፍኩት ራሴ መሆኔን ረስቼ «ቀጥሎስ?» አልኩ፣ እናቴ ሰምታኛለች።

«...ማይኩ ጋ ተጠጋችና ቤቶች አለች» አለ። «ቃሏ ሄደ። ወዴት ሄደ? ማን ሰማው? እሁድ አስራ አንድ ሰዓት፣ እዚሁ ከዚራ ና።»

ባጃጁ ተነስቶ ወደ ደቻቱ ታጠፈ። መንገዱ ላይ ለጥቂት ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ያን ማታ ከመጽሐፌ መታተም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

እሁድ ገና አስር ተኩል ሳይሞላ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የከዚራ ሰዎች መጡ፣ ከፊታቸው ጡረታ የወጣው የባቡር መካኒክ ጎረቤታችን ጋሽ ይሳቅ፣ ባርኔጣውን አድርጎ የራሱን ወንበር ተሸክሞ። ወንበሩን የፊተኛው ረድፍ ላይ ተከለና፣ «ቃሉ የት ደረሰ?» አለኝ። ደስ አለኝ። «ትንሽ ይታገሡ» አልኩት፤ እንደ ትልቅ ደራሲ አንቱ ብዬው ራሴም ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ ከደቻቱ ማዶ ሴቶች በድርያቸው ተሰልፈው መጡ። ከፊት የምትመራቸው ሁዶ ናት፣ የጋሽ ዘካሪያ የግድግዳ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅ። ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች።

«አሮጊቷ የታለች?» አለችኝ።

«የቷ አሮጊት?»

«ጋራው ላይ ስልሳ ዓመት የምትጠብቀው ናታ። ባሏን ቀብራ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ አልሄድም ያለችው። ሌሊቱን ሙሉ ሳስባት አደርኩ። ምን ብላ ልካ ነው የምትጠብቀው?»

«ሁዶ፣ ልጅቷን አልሰማሽም? ቤቶች ያለችውን?»

«የምን ልጅ? እኛ የሰማነው አሮጊት ናት።»

ይህን ሳልጨርስ ከገንደ ቆሬ ሰፈር የመጡት በሩን ሞሉት። ዓብዱልአዚዝ የሚባል ልብስ ሰፊ ክንዴን ይዞ፣ «እህቴ፣ ያ መብራት ለምንድን ነው የበራው? ማነው ያበራው?» አለኝ። ልጅቷንም፣ ጥበቃውንም አልሰማም። የሰማው የዛገ መሣሪያና የበራ መብራት ብቻ ነው።

ያኔ ገባኝ። ደሜ ፈላ። ታሪኬን እንደ ሀብሐብ ቆርጦ ለየሰፈሩ አድሎታል። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ፣ ወገቡ ሌላ ቦታ፣ እግሩ ሌላ ቦታ። ዓመታት ጨርሼ የሠራኋትን። ዮኒስን ባጃጁ ውስጥ አገኘሁትና ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት፤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ታነበዋለች።

ዮኒስ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ኑሀሚ» አለኝ፣ «አንዴ ብቻ ብሎ ምሏል። ሦስት ሰፈር ሦስቴ ቢለው መሐላው ይፈርሳል። አንድ ሰፈር ብቻ ቢለው ሁለቱ ይቀሩበታል፣ እሱ ደግሞ በሕይወቱ አንድ ሰፈር ዘሎ አያውቅም። ስለዚህ አንዱን ለሦስት አካፈለው። ከዚራን በአማርኛ፣ መጋላን በሶማሊኛ፣ ገንደ ቆሬን በኦሮምኛ። ገንደ ቆሬ ስንደርስ እኮ ድምፁ ቀጥኖ ሰው ባጃጁን ከቦ ጆሮውን ሞንታርቦው ሥር አድርጎ ነው የሰማው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቃል አልተነፈሰም። እስካሁን። ለመልሱ እየቆጠበ ነው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ዞሬ ጋሽ ዘካሪያን አየሁት። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንገቱን በሻሹ ጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ዱኒያ አጠገቡ እንደ ዘበኛ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም በአገጩ ወደ ሰዉ አመለከተኝ። እያቸው፣ ማለቱ ነው።

አየሁ። ጋሽ ይሳቅ ባቡር ላይ በለመዳት ስብርባሪ ሶማሊኛ ለሁዶ ስለ ልጅቷ እየነገራት ነው። ሁዶ አፏን ይዛ ትሰማለች። ከዚያ ዞራ ለዓብዱልአዚዝ በኦሮምኛ ስለ ስልሳው ዓመት ትነግረዋለች፤ የሂቦን ባል ጅቡቲ ወደብ ልካዋለች፣ እኔ የትም አልላክሁትም ነበር። ዓብዱልአዚዝ በተራው ለከዚራ ሴቶች ስለ መብራቱ ይነግራል። «አረንጓዴ ነው» ይላል። እኔ ቀለም አልጻፍኩለትም፤ ግን እውነቱን ነው፣ አረንጓዴ ነው። ዛፉ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ አጥሩ ጫፍ ላይ ሳይቀር የማይተዋወቁ ሰዎች ያላቸውን ቁራጭ እየሰጡ የሌላቸውን ይቀበላሉ። በአማርኛ ጀምሮ በሶማሊኛ መሃል ደርሶ በኦሮምኛ የሚጨርስ አለ። የመጽሐፉ ካርቶን ጥግ ላይ ገና ሳይከፈት ተቀምጧል። ሳትከፈት ስትነበብ አየኋት። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ሞልቶ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ በሰውና በባጃጅ ተዘግቶ ነበር። ታሪኩ ተገጣጥሞ አለቀ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፣ እሱም ማንም ጋ የለም። ጥያቄው ከዚህም ከዚያም መነሳት ጀመረ፣ በሦስቱም ቋንቋ፦ ሰማዩ ምን ብሎ መለሰ?

ማይክ ሰጡኝ። ለምረቃው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አሳታሚውን የማመሰግንበት፣ ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ጥቅም የማብራራበት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «መልሱ ያለው ጋሽ ዘካሪያ ጋ ነው» ብቻ አልኩ።

ተነሳ። ዱኒያ የልብሱን ጫፍ ያዘችው፣ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። ማይኩን ተቀበለኝ። ጧ፣ ጧ። አፉን ከፈተ።

ምንም አልወጣም። ዋጥ አድርጎ እንደገና ሞከረ። ትንፋሽ ብቻ። ዮኒስ ሮጦ የሞንታርቦውን ድምፅ ጨመረው፤ ሞንታርቦው ራሱ ጮኸና ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ጋሽ ዘካሪያ ማይኩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፣ ሁለተኛም እንዳያሳየኝ። ለዚህች አንዲት ቃል ነበር ከትናንት ጀምሮ አፉን ዘግቶ የተቀመጠው። ልረዳው እጄን ስዘረጋ ዱኒያ ክንዴን ጨብጣ፣ «ተይው» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ።

ያኔ ከበሩ ውጭ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ መንገዱን የሞሉት ሁሉ። ማዶ ያለው ሱቅ ሬዲዮውን ዘጋ። እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። እኔ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግሁ ነኝ፤ ይህቺ ከተማ ዝም ስትል ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። የኒሙ ቅጠል ይሰማ ነበር።

ጋሽ ዘካሪያ ማይኩን አጥፍቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ አፉን ጋሽ ይሳቅ ጆሮ ላይ አደረገ፣ አንሾካሾከ። ያ ሽማግሌ መካኒክ ባርኔጣውን አወለቀ። ትንሽ ቆየና ወደ ሁዶ ዞሮ፣ የሰማውን በቀስታ ነገራት።

«ግቡ» ነው የሚለው መልሱ። ያቺ ልጅ ደጅ ላይ ቆማ ቤቶች አለች፣ ከሰማዩ ማዶ ደግሞ ግቡ አሏት።

ሁዶ «ሱብሃነላህ» አለች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞራ፣ «ሶ ገላ» አለች በሶማሊኛ። ከኋላዋ ያለችው ለጎኗ አቀበለች። ዓብዱልአዚዝ ጋ ሲደርስ በኦሮምኛ «ኮታ ሴና» ሆነ። ማንም አልጮኸም፣ ጋሽ ዘካሪያ በሰጣቸው መጠን እያንሾካሾኩ ነው የተቀባበሉት። ቃሉ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት፤ ትከሻው ሲዞር፣ አንገቱ ዘንበል ሲል፣ ፊት ሲለወጥ፣ ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ፣ በዛፎቹ ሥር፣ በአጥሩ ላይ፣ በበሩ ወጥቶ ባጃጆቹ ዘንድ። የሰማ ሰው ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። መሽቶ የመጀመሪያው ኮከብ ጋራው ላይ ወጥቷል። የድሬ ሰማይ ያው የዱሮው ሰማይ ነው፤ ያን ምሽት ግን በሩ ገርበብ ያለ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ደስም አለኝ፣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ቃሉ ከመንገዱ መጨረሻ ደርሶ ዝም አለ። አለቀ ብዬ ሳስብ ከወዲያ፣ ከጨለማው፣ ትከሻዎች እንደገና መዞር ጀመሩ፣ አሁን ወደኛ። አንድ ነገር እየተመለሰ ነበር። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላወቅንም። በበሩ ገባ፣ በዛፎቹ ሥር አለፈ፣ ዓብዱልአዚዝ ለሁዶ፣ ሁዶ ለጋሽ ይሳቅ። ጋሽ ይሳቅ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ከወንበሩ ተነሳ።

«ዘካሪያ» አለው፣ አብሮት ኳስ ሲጠልዝ ባደገበት አጠራር። «ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰምተናል ብለውሃል።»

ጋሽ ዘካሪያ ቁጭ አለ። ሻሹን ከአንገቱ ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ዱኒያ እግሩ ሥር ተቀምጣ ጉልበቱን አቀፈችው። ከሰዉ መሃል ማንም ከቦታው አልተነሳም፣ ለረጅም ጊዜ።

ሰኞ ዕጢው ወጣ፣ ድምፁም አብሮ ሄደ። ዱኒያ ደውላ ነገረችኝ፦ አባቷ ቅዳሜ ተናገረም አልተናገረም ድምፁ መሄዱ አይቀርም ነበር ብሏታል ዶክተሩ። ይህን ልትነግረኝ ብላ መደወሏ ገብቶኛል፣ ስልኩን ዘግቼ ፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሳሌም በሩን አንኳኩታ መሐረብ በሥር አቀበለችኝ፣ ከዚያ መጽሐፉን እንዳነበበች ነገረችኝ።

ታሪኩ ከመጽሐፉ ፈጥኖ ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ከድሬ ወጣ ብሎ ካለው ዋሂል የመጣች ሴት ሚኒባስ ውስጥ ሂቦ የዋሂል ልጅ ናት ብላ ከኔ ጋር ተከራከረች። ደራሲዋ እኔ ነኝ ብላት፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ጋሽ ዘካሪያ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲያገግም ልጠይቀው መጋላ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሱቆቹ ከቀትር እረፍት ገና መከፈታቸው። እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜ «ቤቶች» አልኩ። ካልኩ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። ዱኒያ ገበያ ናት። ማን ነው የሚመልስልኝ? አርባ ዓመት ለከተማ የተናገረ ሰው በር ላይ ሄጄ የሌለውን ድምፅ መጠየቄ አንገበገበኝ፣ ልመለስ እግሬን አነሳሁ።

ግቢው ውስጥ ከቆመው ባጃጅ ጣራ ላይ ሞንታርቦው በርቶ እምም አለ። ከዚያ ሰፈሩን ሁሉ የሚያዳርስ፣ የማውቀው ድምፅ መጣ፦ ጧ፣ ጧ።

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሁዶ ከጎን ካለው ሱቋ ስኳር እየመዘነች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

«ግቢ ብሎሻል» አለችኝ።

ገባሁ።